የኤልሚና ምሽግ ኖራ ይቀባ ወይስ ይቅርበት?

የክርክሩ መነሻ፦
በጋና ባሕር ዳርቻ ያለው የኤልሚና ምሽግ በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታድሶ ነጭ ሲቀባ፣ በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ዘሮች ታሪካችን በቀለም ተሸፈነ ብለው አጥብቀው ተቃውመዋል። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። የሰው ልጅ እንደ ከብት የታጎረበት ቤት የሠርግ አዳራሽ መምሰል የለበትም። እንዳረጀ ይታይ፤ ቢፈርስም ይፍረስ።

መልስ፦
ወንድሜ፣ «ይፍረስ» ማለትህ አስደነገጠኝ። ግድግዳው ሲናድ ማስረጃውም አብሮ ይናዳል፤ ያኔ የሚካድ ነገር ሁሉ ለመካድ ይመቻል። ኖራ ጌጥ አይደለም። የባሕር ጨውና ዝናብ ድንጋዩን እንዳይበሉት ይከላከላል፤ እርጥበቱንም ያስተነፍሳል። ግድግዳውን የሚገድለው እርጥበቱን በውስጡ ቆልፎ የሚያስቀረው ሲሚንቶ ነው። ድሮም ቢሆን ምሽጉ በኖራ ይለሰን ነበር።

ሌላ መልስ፦
ውጭው ኖራ ይቀባ፤ የወህኒውን ግድግዳ ግን ብሩሽ አይንካው። በዚህ ብዙ አልከራከርም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ስለ ቀለሙ ስንጨቃጨቅ የቦታው ታሪክ ግማሹ ተረስቷል።

ፖርቱጋሎች በ1482 በዲዮጎ ደ አዛምቡጃ መሪነት፣ አገራቸው የተጠረበ ድንጋይ በመርከብ አምጥተው ምሽጉን ያቆሙት ለወርቅ ብለው ነው። ከቤኒን መንግሥት (ዛሬ ናይጄሪያ ውስጥ ካለው) ባሪያ እያመጡ እዚያው ኤልሚና ላይ በወርቅ ይሸጡ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1637 ሆላንዶች መድፋቸውን ከምሽጉ ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ጎትተው በማውጣት ቁልቁል ደበደቡት፤ ያዙትም። ከዚያ በኋላ ነው ባሪያ መላክ ዋና ሥራው የሆነው፤ እስከ 1814 ድረስም ዘልቋል። ሆላንዶቹ ከጸሎት ቤታቸው በር በላይ የመዝሙር 132ን ቃል ጽፈዋል፤ ጽዮን የእግዚአብሔር ማረፊያ ናት ይላል። በዚያው ግቢ ሞት የተፈረደባቸው የሚዘጉበት ክፍል አለ፤ በበሩ አናት ላይ የራስ ቅል ተቀርጿል። ሁለቱን በሮች ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል።

የከተማውን ነገርስ ማን ያነሳዋል? ምሽጉ በ1872 ለእንግሊዝ ሲተላለፍ፣ ከሆላንዶችና በመሀል አገር ካለው የአሻንቲ መንግሥት ጋር ወዳጅነት የነበራቸው የኤልሚና ሰዎች በቀላሉ አልተቀበሉም። ንጉሣቸው ኮቢና ጊያን እምቢ ቢል ወደ ሴራሊዮን ተጋዘ። ጁን 13 ቀን 1873 እንግሊዞች ከምሽጉ ሥር የነበረውን አሮጌውን ከተማ በመድፍ አወደሙት። ያ ከተማ በቦታው ዳግመኛ አልተሠራም። ከሩቅ መጥተው ምሽጉን የሚጎበኙ ሰዎች ሰው የኖረበትን፣ ልጅ ያሳደገበትን መሬት ሳያውቁት ረግጠውት ያልፋሉ። ለኖራው ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ተቀንሶ፣ እዚህ ከተማ ነበር የሚል የድንጋይ ጽሑፍ እዚያ መቆም አለበት።

ከክርክሩ መነሻ ጸሐፊ፦
የከተማውን ታሪክ አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። «ይፍረስ» ያልኩትንም አንስቻለሁ። ሆኖም አንድ ነገር አልለቅም፤ ከገዢው ሰገነት ሥር ያለው፣ በባርነት የታጎሩት ሴቶች እየወጡ ለገዢው ይመረጡበት የነበረው ግቢም እንደ ወህኒው ይቆጠር። የዚያ ግቢ ግድግዳ ኖራ አይቀባ።