ፊዚካል ቲያትር ለመማር የውጭ የዳንስ ወርክሾፕ ያዋጣል? (ከደሴ)

የሮቢት ልጅ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ደሴ ነው ያለሁት። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ ማታና እሁድ ደግሞ አንድ የአማተር ኪነት ቡድን ውስጥ ነኝ። እኛ ጋ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ ተወዛዋዥና ተዋናይ። ተወዛዋዡ አይናገርም፣ ተዋናዩ አይንቀሳቀስም። ድራማ ስንሠራ ሁለት ሰው መድረክ መሐል ቆሞ ያወራል፣ እጅ ብቻ ይወናጨፋል። እሱ ሲያልቅ እስክስታ ይገባል። ሁለቱ አይተዋወቁም።

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ከውጭ የመጣች አሠልጣኝ የሰጠችው አጭር የፊዚካል ቲያትር ወርክሾፕ ገባሁ፤ በቃል ሳይሆን በሰውነት እንቅስቃሴ የሚተረክ ቲያትር ነው። ሙሉ ጠዋት አንድ ቃል ሳንናገር ወንበር ላይ ስለ መቀመጥ ብቻ ሠራን። አንዱ ልጅ ወንበሩ የሱ እንዳልሆነ፣ ማንም መጥቶ እንደሚያስነሳው ሆኖ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሳቅን። ቆይቶ አሳዘነን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አሁን ስልኬ ማስታወቂያ በማስታወቂያ ሆኗል። ቪየና በክረምት የሚሰጥ አለ፣ ሴኔጋል አለ፣ ፓሪስ አለ፣ በኦንላይን የሚሰጥም አለ። ግማሹ ዳንስ ይላል፣ ግማሹ ቲያትር፣ የቀረው ምን እንደሚል አልገባኝም። ያጠራቀምኳት ትንሽ ብር አለች። የቡድናችን አንጋፋ ሰው ደግሞ «ይሄ ጂምናስቲክ ነው፣ እኛ የራሳችን አለን» ይሉኛል። ከየት ልጀምር?

ባቲ ማይነር

ብርህን ያዝ ወንድሜ። ዩቲዩብ ላይ ያልተጫነ ነገር የለም። ለቪዛና ለቲኬት የምትከሰክሰው ለቡድናችሁ ጥሩ ስፒከር ይገዛል። ሰውዬውም ልክ ናቸው። የወሎ ትከሻ ላይ ፈረንጅ ምን ሊጨምርበት ነው?

ጦሳ ሥር

የሮቢት ልጅ፣ አብሽር። ወንበሩ እንቅልፍ ከነሳህ ነገሩ ይዞሃል ማለት ነው። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፣ ያደግሁት ኪነት ውስጥ ነው። አሁን ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው፤ ክረምት ሲሆን ኮምቦልቻ እየመጣሁ ልጆች አሠለጥናለሁ። እዚህም ውጭም ወርክሾፕ ገብቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ባቲ ማይነር፣ ዩቲዩብ መጥፎ ነው አልልም። ግን ጉልበትህ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ «ቆይ፣ እሱን አስተካክል» አይልህም። ይሄ ሥራ የሚያይህ ሰው ይፈልጋል። ለዚያም ነው የኦንላይኑን ብዙ የማልወደው። አስተማሪው በካሜራ እያየህ የሚያርምህ ከሆነ እሺ፤ ካልሆነ ቪዲዮ በውድ መግዛት ነው።

አሁን ማስታወቂያዎቹን እንለያቸው። ፓሪስ ያልከው የፈረንሳዊውን የቲያትር አስተማሪ የዣክ ሌኮክን መንገድ የሚከተል ከሆነ፣ እሱ ለጥያቄህ ቅርቡ ነው። ሌኮክ መነሻው ስፖርት ነው፤ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነበር። የራሱን ትምህርት ቤት በ1956 ፓሪስ ከፈተ። ዋናው ሥልጠና ሁለት ዓመት ነው፣ እና ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ገለልተኛ ጭምብል የሚባለው ነው። ደስታም ኀዘንም የማይታይበት ጭምብል ያጠልቁልሃል። ፊትህ ሥራ ሲፈታ ሁሉም ነገር ወደ ደረትህና ወደ እግርህ ይወርዳል። አንዱ የታወቀ ልምምድ ስንብት ነው። ወደብ ላይ ትደርሳለህ፣ የምትወደው ሰው የተሳፈረባት መርከብ እየራቀች ነው፣ ትሰናበታለህ። ይኸው ነው። (መርከቡ ካልመጣልህ የመነኻሪያ አውቶቡስ አድርገው፣ ማን ከለከለህ።) እጅህ ቀድሞ ተነስቶ ደረትህ ከኋላ ከደረሰ የሚያይህ ሰው ወዲያው ይነቃል። ሽኝት ሳይሆን የሽኝት ምልክት ነው የሠራኸው። የእናንተ ተዋናዮች እጅ መወናጨፍ በሽታው ይሄ ይመስለኛል፤ እጅ ብቻውን ይሄዳል።

ከሌኮክ ግን እኔ የምሰርቀው ጭምብሉን አይደለም። እዚያ ተማሪዎቹ ርዕስ ይሰጣቸውና አስተማሪ ሳይገባበት ለብቻቸው በቡድን ሠርተው በየሳምንቱ ያቀርባሉ። ይሄ ቪዛ አይጠይቅም። ሮቢትም ይሠራል፣ ሰኞ ገበያም ይሠራል።

ቪየና ያልከው ኢምፐልስታንዝ ይሆናል። ከ1984 ጀምሮ ያለ፣ በዋናነት የዳንስ ፌስቲቫል ነው። ከጀማሪ እስከ ባለሙያ የሚሆን ክፍል በብዛት ስላለው ሰው ገብቶ የሚጠፋበት ቦታ ነው። ዳንስዌብ የሚባል ለወጣት ባለሙያዎች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አላቸው። በኪስህ ከመሄድህ በፊት የሱን ጥሪ ተከታተል። የሸንገን ቪዛ የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንትና ኢንሹራንስ ይፈልጋል። ያንተ «ትንሽ ብር» እዚያው ወረቀት ላይ ታልቃለች፤ በዚህስ ባቲ ማይነር እውነት አለው።

ሴኔጋልን ግን ዝም ብለህ አትለፋት። ኤኮል ደ ሳብል ይባላል፣ ከዳካር በስተደቡብ ቱባብ ዲያላው የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ነው። ዳንሰኛዋ ጀርሜን አኮኝ ከባለቤቷ ጋር በ1998 የመሠረተችው ነው። አንዱ ስቱዲዮ ወለሉ አሸዋ ነው። አሸዋ ላይ መዝለል የጀመርክ ቀን ባትህ ያለቅሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን መሬትን መርገጥ ምን እንደሆነ ይገባሃል። አኮኝ አከርካሪን የሕይወት እባብ ትለዋለች፣ ደረትን ፀሐይ። እኛ ደረትና ትከሻ ላይ ማንንም አንፈራም። አከርካሪያችን ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ መታጠፍና መጠምዘዝ አላስለመድነውም። እኔን የጠቀመኝ ይሄ ነው። የጀርመናዊቷን የዳንስ ፈጣሪ የፒና ባውሽን ትልቅ ሥራ ከ14 የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ ዳንሰኞች አጥንተው የዞሩትም በዚሁ ትምህርት ቤት አጋርነት ነው። 2020 ዳካር ሊከፈት ሲል ኮሮና መጣና ባሕር ዳርቻው ላይ ተቀረጸ።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ። «የራሳችን አለን» ያሉት እውነት ነው፤ ግን ያለንን ሌላ ሥራ አሠርተነው አናውቅም። ላባን የሚባል ሰው እንቅስቃሴን በጊዜ፣ በክብደትና በአቅጣጫ ከፍሎ ያያል። ፈጣን ነው ወይስ ቀስ ያለ? ከባድ ነው ወይስ ቀላል? ቀጥ ያለ ነው ወይስ የሚባዝን? ኮምቦልቻ ላይ አንዷን ልጅ ትከሻዋን እንደምትመታው አስመታኋት፣ ሙዚቃ ሳይኖር። ከዚያ «አዘግዪው» አልኳት። ከዚያ «ሸክም አለበት» አልኳት። ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ አገጯ ወረደ፣ ትከሻዋ በትንሹ እየተነሳ ይወድቃል። እስክስታው ለቅሶ ሆነ። ያው ትከሻ ነው፣ አንድ ነገር አልተጨመረበትም። ድራማውና ጭፈራው አይተዋወቁም ብለህ የለ? እዚህ ጋ ነው የሚተዋወቁት።

አገር ውስጥም መንገዱን የሄዱ ሰዎች አሉ። በ1990ዎቹ እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር (የዳንስ ፈጣሪ) ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ካሠለጠናቸው አዱኛ የሚባል የዳንስ ቡድን ልጆች መካከል ጁናይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ዴስቲኖ የሚባለውን የዳንስ ቡድን አቋቋሙ። ጁናይድ ወጣትን ከአንጋፋ አርቲስት ጋር በሚያገናኘው የሮሌክስ ፕሮግራም ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋርም ሠርቷል። ልብ በል፤ ጥቂት ቀን ተምረው ሰርተፊኬት የያዙ አይደሉም፣ ለዓመታት በየቀኑ የሠሩ ናቸው።

ምክሬ እንዲህ ነው። አሁን ወደ ውጭ አትሂድ። ከዚያ ወንበር ገና አልወረድክም። እሱን ይዘህ ከቡድንህ ጋር ወራት ሥራበት፣ እስኪሰለቻችሁ። የሚቀጥለውን ወርክሾፕ ስትመርጥ «የእሁድ ልምምዳችን ላይ ምን ይለወጣል?» ብለህ ጠይቅ። መልስ ከሌለህ አትመዝገብ። ሰርተፊኬት ሰብሳቢ አውቃለሁ፤ ግድግዳው ሙሉ ነው፣ መድረክ ላይ ግን ያው እጅ ነው።

ከላሊበላ

ጦሳ ሥር ጥሩ ብላለች። አንድ ነገር ልጨምር። ክብደት ከእግር ወደ እግር እንዴት እንደሚሻገር ማየት የሚፈልግ ገና ላይ እኛ ጋ ይምጣ። ቤተ ማርያም ግቢ ካህናቱ ከፊሉ ከላይ ጠርዙ ላይ፣ ከፊሉ ከታች ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ እግራቸውን እዩ። መቋሚያው ይወዛወዛል፣ ጉልበት ላላ ይላል፣ ሰውነት ይነሳል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ትንፋሽ ነው። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰው ምሳሌ ናቸው።

ግን አደራ፣ መድረክ ላይ ገልብጣችሁ እንዳትሠሩት። ጸሎት ነው። ዓይናችሁን አሠልጥኑበት፣ ይበቃል።

ጦሳ ሥር

ከላሊበላ፣ በአደራው እስማማለሁ። ስለ መንዙማና ወዳጃም የምለው ይኸንኑ ነው። ቀሚሱንና ጥምጣሙን ለብሶ ማስመሰል አይገባም። ትንፋሹን ማጥናት ግን ማን ይከለክላል?

የሮቢት ልጅ

አላህ ይስጥልኝ፣ እናንተ ባትኖሩ ብሬን አቃጥዬው ነበር። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አዳራሻችን ሲሚንቶ ነው፣ ደሴ ደግሞ ብርዷን ታውቂያታለሽ። መሬት ላይ መንከባለል፣ መውደቅ የሚሉት ነገር እንዴት ይሆናል? ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ሰው በሰው ላይ ክብደቱን እየጣለ የሚሠራ ልምምድ ነበር። እኛ ጋ ሴቶቹም ወንዶቹም አፈሩ፣ አንዷም እናቷ ሰምተው አስቀሯት።

ጦሳ ሥር

ሲሚንቶ ላይ አትዝለሉ፣ አትውደቁም። ምንጣፍ ብርዱን እንጂ ጉልበትህን አያድንም። ከመራመድ ጀምሩ። አዳራሹን ሞልታችሁ ሂዱ፣ ሁላችሁም ያለ ምልክት በአንድ ላይ ቁሙ፣ ያለ ምልክት ተነሱ። ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና ታያላችሁ። መንከባለሉ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ የሚያውሳችሁ ስታገኙ ይደርሳል። ከመጀመራችሁ በፊት ሰውነት እስኪሞቅ ማፍታታት ግዴታ ነው፣ በተለይ ጠዋት።

ያ ልምምድ ኮንታክት ኢምፕሮቪዜሽን ይባላል፣ ስቲቭ ፓክስተን በ1972 አሜሪካ የጀመረው ነው። እዚያም መጀመሪያ ለሰው እንግዳ ነበር፤ እናንተ ብታፍሩ አይገርምም። ሰው ከመንካት በፊት ቀርከሃ ይንካ። ርዝመቱ ክንድ የሚያህል ቀጭን ዱላ ውሰዱ። አንዱ ጫፍ በሷ መዳፍ፣ ሌላው ጫፍ ባንተ መዳፍ። መያዝ ክልክል ነው፣ በመግፋት ብቻ ነው የሚቆመው። ጠበቅ ብታደርግ ያማታል፣ ብትለቅ ይወድቃል። ከዚያ ተራመዱ፣ ተቀመጡ፣ ዙሩ። ክብደት መስጠትና መቀበል ያው ነው፣ ሁለታችሁም ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ናችሁ፣ ማንም አላፈረም። እናትየዋን ደግሞ ልምምድ ላይ ጥሯቸው። ቡና አፍልታችሁ። ካዩት በኋላ የሚሉትን ስሙ እንጂ በልጅቷ በኩል አትከራከሩ።

ባቲ ማይነር

እኔ እንኳን ስፒከሩ ላይ አቋሜን አልቀየርኩም 😀 ግን የለቅሶውን ትከሻ ቤት መስታወት ፊት ሞከርኩት። ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» አለችኝ።

ጦሳ ሥር

በቃ ገባህ ማለት ነው።

የሮቢት ልጅ፣ ጥሪ አይተህ የምታመለክት ከሆነ አብዛኛው ቦታ ቪዲዮ ይጠይቃል። ያጌጠ የመድረክ ቅጂ አትላክ። አንድ ቦታ ላይ ስልኩን አግድም አቁመህ፣ እግርህ ሳይቆረጥ፣ የወንበሩን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጥ ቅረጽ። በኋላም ሙዚቃ አትጫንበት።