የተሰበረ ማንጠብጠቢያና አዲስ የቫይታሚን ዲ ጠርሙስ፦ ለልጄ ስንት ልስጠው?

ጠያቂዋ (ደሴ፣ ሆጤ)
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዛሬ ጠዋት የልጄን ቫይታሚን ዲ የምለካበት የመስታወት ማንጠብጠቢያ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ከውጭ አገር የተላከልኝን አዲስ ጠርሙስ ከፍቼ፣ አፉ ላይ ያለውን ፕላስቲክ ነቅዬ፣ መርፌው በወጣ ሲሪንጅ እንደ ወትሮው 1 ሚሊ ሊትር ሰጠሁት። አሁን ልብ ብዬ ሳየው ጠርሙሱ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ልጁ ተኝቷል። ከነገ ጀምሮ በምን ልለካለት? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የመንታ እናት (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ፣ ምንም አይደለም። የእኔም ማንጠብጠቢያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በሲሪንጅ በየቀኑ 1 ሚሊ ሊትር እየለካሁ ነው የምሰጣቸው።

የሦስት ልጆች አባት (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)
እህቴ፣ ሐሳቤን በቅንነት ተቀበይኝ። ዓመቱን ሙሉ ጸሐይ በማይጠፋበት አገር ለሕፃን ጠብታ ከባሕር ማዶ ማስመጣት ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም። የእኔን ልጆች እናታቸው ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቅቤ እየቀባች፣ ጸሐይ እያሞቀች ነው ያሳደገቻቸው፤ የአንዳቸውም እግር አልጎበጠም። ጠብታውን ተዪውና ልጁን ወደ ደጅ አውጪው።

ፋርማሲስቱ (ደሴ፣ ፒያሳ)
ጠያቂዋ እህቴ፣ ምንም ተጨማሪ ነገር ሳትሰጪው ሁለት ነገር ንገሪን። ልጁ የስንት ወር ነው? አዲሱ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው «በ1 ሚሊ ሊትር» ነው ወይስ «በ1 ጠብታ»? መልሱ ያለው እዚያች ትንሽ ጽሑፍ ላይ ነው።

ነርሷ (ኮምቦልቻ)
ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ያደረጉት መልካም ነው፤ ሆኖም ዛሬ ስንቱ ቤት እንዲህ ያደርጋል? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ጸሐይ አላነሳትም፤ የሚጎድለው ጸሐይዋ የሕፃኑ ቆዳ ላይ መድረሷ ነው። ልጁ ብርድና ምች እንዳያገኘው፣ የሰው ዓይንም እንዳያርፍበት እየተባለ በጋቢ ተጠቅልሎ ለወራት ቤት ውስጥ ይከርማል። ከመስኮት መስታወት ጀርባ ቢያስቀምጡትም የሚያገኘው ሙቀት ብቻ ነው፤ ቆዳው ቫይታሚኑን እንዲሠራ የሚያደርገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። የእናት ጡት ወተትም በሌላው ሁሉ ምሉዕ ነው ቢባልም ቅሉ ቫይታሚን ዲው ጥቂት ነው። ጉድለቱ የሚያመጣው ሪኬትስ የሚባለው የልጆች አጥንት መለስለስ በሽታ ደግሞ እግር በማጉበጥ አያበቃም፤ የእጅ አንጓ ያሳብጣል፣ ጥርስ ያዘገያል፣ የደረትን አጥንት ያለሰልሳል። በአዲስ አበባ ተካሂዶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ሪኬትስ በሳንባ ምች በታመሙ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ላይ ካልታመሙት ይልቅ እጅግ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። ምች ፈርተን የሸፈንነውን ልጅ ለሳንባ ምች እያጋለጥነው ነው ማለት ነው፤ ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

የመንታ እናት (ኮምቦልቻ)
እውነት ነው። ለእህታችን ግን አሁንም የምለው ያንኑ ነው፤ ሲሪንጁ ይበቃል፣ 1 ሚሊ ሊትር።

ጠያቂዋ
ሦስት ወር ሞልቶታል፤ ጡት ብቻ ነው የሚጠባው። ጽሑፉ «በ1 ጠብታ 400 አይዩ፣ 10 ማይክሮ ግራም» ይላል (አይዩ የቫይታሚን መጠን መለኪያ ነው)። አሮጌው ላይ «በ1 ሚሊ ሊትር 400 አይዩ» የሚል ነበር። ወይኔ ልጄን!

ፋርማሲስቱ
ተረጋጊና አንብቢኝ። ለዚህ ዕድሜ በቀን የሚያስፈልገው 400 አይዩ ነው፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በየቀኑ ሊወሰድ የሚችለው ጣሪያ ደግሞ 1,000 ነው። አንዷ ጠብታ ከ1 ሚሊ ሊትር ሠላሳኛ እጅ ገደማ ስለሆነች፣ ዛሬ የሰጠሽው ከ12,000 አይዩ የሚያንስ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ እንዲህ ያለ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያደርስም። የሚያስፈራው መደጋገሙ ነው፤ ቫይታሚን ዲ ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ወላጆችን ያስጠነቀቀው በዚሁ በማንጠብጠቢያ ስሕተት ምክንያት ነበር። አሁን የምታደርጊው ይህ ነው፦ ጠብታውን አቁሚ፣ ጡት ማጥባትሽን ቀጥዪ፣ ሁለቱንም ጠርሙሶች ይዘሽ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ መቼ እንደምትጀምሪ የሚነግርሽ እሱ ነው። ካስመለሰው፣ መጥባት ካቃተው፣ ሆድ ድርቀት ከያዘው ወይም ሽንቱ ከወትሮው ከበዛ ሌሊት ቢሆንም ወደ ሆስፒታል ውሰጂው። ስትጀምሪም አንዲት ጠብታ ብቻ በጡትሽ ጫፍ ላይ አድርጊና ይጥባት። የነቀልሽው ፕላስቲክ በደንብ ካልገጠመ ጠብታው ስለማይለካ ያንን ጠርሙስ ተዪው።

የሦስት ልጆች አባት
እግዚአብሔር ይማረው። የመስታወቱን ነገር አላውቅም ነበር፤ የልጅ ልጄን ጸሐይ የምናሞቃት በመስኮት ነው።

የመንታ እናት (ኮምቦልቻ)
ጠርሙሴን አውጥቼ አየሁት፤ የእኔው «በ1 ሚሊ ሊትር 400 አይዩ» የሚል ነው፣ የአንቺው ግን ሌላ ነው። ከላይ ሁለት ጊዜ የጻፍኩትን ማንም ሰው የራሱን ጠርሙስ ሳያነብ እንዳይከተል እለምናለሁ። እህቴ፣ ከሐኪም ቤት ስትመለሺ የልጁን ደኅንነት ጻፊልኝ፤ እስከዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።