ቀላል ቮላኖ ለማንዋል ኮሮላ፦ የባለሙያ ምክር እፈልጋለሁ

የምኖረው ጅማ ሲሆን የምነዳት 1,600 ሲሲ የቤንዚን ሞተርና ማንዋል ካምቢዮ ያላት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ፍሪሲዮን ለማስቀየር ካምቢዮው ሲወርድ፣ ዲስኩ የሚያርፍበት የቮላኖው (ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ገጽ በሙቀት ጠቁሮና እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች አውጥቶ ስለተገኘ መቀየሩ ግድ ሆኗል፤ ከተቀየረ አይቀር ቀለል ያለ ይሁን ወይስ እንደ ነባሩ የሚለውን ግን መወሰን አቅቶኛል።

ቀላል ቮላኖ የሞተሩን ጉልበት እንደማይጨምር፣ ዙር ቶሎ እንዲያነሣና ቶሎ እንዲጥል ብቻ እንደሚያደርግ፣ ጥቅሙም በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ጎልቶ እንደሚታይ እረዳለሁ። የሚያሳስበኝ፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሞተሩ ቀድሞውኑ አየር የሚያጥረው መሆኑ፣ ወደ አዲስ አበባ ስመላለስም ጭነት ይዤ የግቤን ዳገት መውጣቴና ከከባድ መኪና ኋላ ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት የዘወትር ነገር መሆኑ ነው።

አንድ የቶርኖ ባለሙያ ነባሩን ከጠርዙ ልጦ ሊያቀልልኝ ፈቃደኛ ነበር። ከጠርዝ የሚነሣ ክብደት ከመሀል ከሚነሣው ይልቅ ውጤቱ የጎላ ቢሆንም፣ የተሰነጠቀ ካስት አይረን በከፍተኛ ዙር ሊፈነዳ ስለሚችል (ብዙም ሳይርቅ ያሉት እግሮቼ ናቸውና) ሐሳቡን ትቼዋለሁ።

ቀሪው ምርጫ ከነባሩ በመጠኑ የሚቀል የብረት ቮላኖ ወይም እጅግ የሚቀለው አሉሚኒየም ነው። በተመሳሳይ መንገድ የሞከራችሁ ብትኖሩ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ሳይንቀጠቀጥና ዳገት ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ምን ያህል ክብደት መቀነስ እንደሚቻል፣ እንዲሁም ነባሩ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሣው) ከአዲሱ ቮላኖ ጥርስ ጋር መግጠሙን ከመግዛቴ በፊት በምን እንደማረጋግጥ እንድትገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።