የጅማ ነጋዴዎች የንግድ ፈቃድ እድሳት ጥያቄ፦ የደብዳቤው ረቂቅ ላይ እስከ ዓርብ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ ሦስት ነጥብ ነው። እድሳት በየዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በሁለት ዓመት አንዴ ይሁን። በኦንላይን ያስገባነውን ሰነድ እንደገና ኮፒ አምጡ አንባል። የጎደለ ካለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነገረን። ታኅሣሥ 30 ካለፈ ቅጣት እንዳለ ታውቃላችሁ።

ቡና አቅራቢ፦ ደብዳቤው አናት ላይ ካለው አርማችን ጀበናው የት ሄደ? የሚታየኝ በርጩማ ብቻ ነው።

እንጨት ሥራ፦ ጅማ ሲባል በርጩማ ነዋ።

ቡና አቅራቢ፦ ማን አለ? ጅማ ሲባል ቡና ነው። ለአርማው ያዋጣነው እኛም ነን።

ሱቅ፣ መርካቶ፦ ኧረ ወደ ቁም ነገሩ! የኪራይ ውሌን በስልክ አንስቼ አስገባሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ ስክሪኑ ላይ እያየችው «ኮፒው የታለ?» አለችኝ። ወርጄ ኮፒ ቤት ሄድኩ፣ መብራት የለም።

ሕትመት ቤት፦ ሩዋንዳን ጥቀሱ። የዓለም ባንክ የ2020 እ.ኤ.አ. የንግድ ሥራ ምቹነት ደረጃ ላይ እነሱ 38ኛ፣ እኛ 159ኛ ነበርን። ታይፑን እኔ እጨርሳለሁ፣ ፍላሹን ስጡኝ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ያ ደረጃ ቀርቷል። መረጃው ተነካክቶ ተገኝቶ ባንኩ ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. አቆመው። ብንጠቅሰው ይስቁብናል። የራሳችንን ሕግ ጥቀሱ። የ1952ቱ ንግድ ሕግ በ2013 ተሻሽሎ በአዋጅ 1243 ወጥቷል። ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን ኩባንያ ማቋቋም ይችላል። አዋጁ ተራምዷል፣ መስኮቱ ግን ያው ነው።

እንጨት ሥራ፦ እሺ፣ በርጩማው ግን አይነሳም።

ቡና አቅራቢ፦ ቡና ባይኖር በርጩማህ ላይ ማን ይቀመጥ ነበር?

እንጨት ሥራ፦ ቆመህ ጠጣ እንግዲህ! የሁለት ወር መዋጮ ሳትከፍል ስለ ጀበና ታወራለህ።

ቡና አቅራቢ፦ ደረሰኝ አለኝ። አፍህን ሰብስብ።

ሰብሳቢ፦ ተዉ እንጂ ልጆች። ወላሂ ያሳፍራል። ሁለቱም ይግቡ፣ አለቀ።

ቡና አቅራቢ፦ ሃጂ ካሉ እሺ። ጀበናው በቀኝ ይሁን።

እንጨት ሥራ፦ በግራ።

ሱቅ፣ መርካቶ፦ 😂

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ለአዲስ አርማ የሚሥል ሰው ስንት ይጠይቃል? ከየት ነው የሚከፈለው?

ሰብሳቢ፦ ለትራንስፖርት ከያዝነው ይቀነስ። ደብዳቤውን በእግራችን እናደርሳለን። የሁለት ዓመቱን ነገር ደግሞ ባናነሳው። ይህ በፌዴራል አዋጅ ያለ ነው፣ እዚህ ማን ይለውጥልናል?

ሱቅ፣ መርካቶ፦ ሃጂ፣ እሱ ከወጣ ምን ቀረ?

እንጨት ሥራ፦ በምትኩ የባዛር ቦታ እንጠይቅ። ባለፈው ጥግ ሰጥተውን አንድ ወንበር አልሸጥኩም።

ቡና አቅራቢ፦ በዚህስ ከእሱ ጋር ነኝ። መግቢያው አጠገብ ይስጡን።

ጸሐፊ፦ ስለዚህ አንደኛ የባዛር ቦታ፣ ሁለተኛ የኮፒው ጉዳይ። ሦስተኛውን ከኮፒው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገባዋለሁ፣ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ። አርማው ሰፊ ቦታ ወስዷል።

ሱቅ፣ መርካቶ፦ የኮፒው ጉዳይ ነበር እኮ አንደኛው!

ጸሐፊ፦ ታይፕ ሲደረግ እናየዋለን። ሕትመት ቤት፣ የት ደረስክ?

ጸሐፊ፦ ሕትመት ቤት?

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ስልኩ ዝግ ነው። ፍላሹ እሱ ጋ ነው እንዴ?