ከልጄ ጋር አልተግባባንም፤ በኦንላይን የቤተሰብ ምክር የሞከራችሁ አላችሁ? (ጎንደር)

እናት ከአዘዞ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አዘዞ ነው የምኖረው። ባለቤቴ መተማ ነው የሚሠራው፣ ሰሊጥ ሲደርስ ጭራሽ ድምፁም አይሰማም። ቤት ውስጥ እኔ፣ ሁለቱ ልጆቼና አማቴ ነን። ትልቁ 14 ዓመቱ ነው። ድሮ የታዘዘውን ሠርቶ ዝም የሚል ልጅ ነበር። አሁን ገና ስሙን ስጠራው ፊቱ ይለዋወጣል። ማታ ስልኩን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ ያመሻል፣ ጠዋት ለትምህርት ስቀሰቅሰው እንጣላለን፣ ስንጣላ አማቴ «ልጄን አትንኪብኝ» ብለው ይገባሉ፣ ከዚያ ጠቡ ከልጁ ላይ ወርዶ የእኔና የእሳቸው ይሆናል። ወንድሜ ደግሞ መድኃኒቱ ቀበቶ ነው ባይ ነው። እንቅልፍ የለኝም፣ ንዴቱ ለትንሿም እየተረፈ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ አዲስ አበባ ካለች ባለሙያ ጋር በቴሌግራም እየደወለች እንደምታወራ ነገረችኝ። እውነት እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይሆናል? የሚያናግሩት ልጁን ነው ወይስ እኔን? ደግሞስ የት ቁጭ ብዬ ላውራ፣ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ ሁሉ ነገር ይሰማል። ትክክለኛ ባለሙያ መሆኗንስ በምን አውቃለሁ? ቲክቶክ ላይ እንደሆነ ሁሉም አማካሪ ሆኗል።

አራዳ ሰፈር

እህቴ አይዞሽ። እኔ ግን ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። የንስሐ አባት አላችሁ፣ ሽማግሌ አለ። ለማታውቂው ሰው ደውለሽ የቤትሽን ገመና ከምትዘረግፊ አባታችንን አንድ ቀን ጠርተሽ ጠበል ይርጩ፣ ልጁንም ይምከሩት። እኛስ በምን አደግን?

የሦስት ልጆች እናት

ወንድሜ፣ አባታችን ይምጡ፣ ማን ከለከለ። እኛም ቤት ይመጣሉ፣ ደስ ይለናል። ግን እሳቸው ጸልየው፣ መክረው ይሄዳሉ። ማክሰኞ ጠዋት ልጁ «አልነሳም» ሲል ከአፌ ምን እንደሚወጣ የሚያስተካክልልኝ ሌላ ሰው ነው የፈለግሁት። ሁለቱ አይጣሉም።

የአዘዞዋ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። ልጁን ታናግረው ብዬ ስልኩን ላቀብለው ተዘጋጅቼ ነበር፣ ባለሙያዋ ግን መጀመሪያ የፈለገችው እኔን ነው። ቤት ውስጥ ማን ማን አለ፣ ጠቡ ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ከመነሳቱ በፊት ምን እየተደረገ ነበር፣ ቀድሞ የሚጮኸው ማን ነው። ምርመራ በይው። ከዚያ ጠብ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የነበረውን በደብተር ጻፊ አለችኝ። ስጽፈው ምን ወጣ መሰለሽ? አብዛኛው ጠብ የሚነሳው አባቱ ከደወለ በኋላ ነበር።

የእኔም ባል ራቅ ብሎ ነው የሚሠራው። ማታ ሲደውል እኔ የቀኑን ክስ እደረድርለታለሁ፣ እሱ «እስቲ አቅርቢልኝ» ይላል፣ ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ቁጣ ይሰማል፣ አለቀ። በኋላ በኋላማ ስልኩ ገና ሲጠራ ልጁ ተነስቶ ሽንት ቤት ይገባ ነበር። እኔ ደግሞ ሆዱን አሞት ነው እያልሁ አብሽ አፈላለሁ! ባለሙያዋ መጀመሪያ ያስቆመችን ይሄንን ነው። አባትየው ሲደውል ከልጁ ጋር ስለ ኳስ ያውራ፣ ክሱን እኔና እሱ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንነጋገር። «አባትህ ይምጣና ታያታለህ» የሚለውም ቀረ። አንቺም ቤት ይሄ ነገር እንዳለ እስቲ እዪው፣ መተማ ስትዪኝ ጠርጥሬያለሁ።

ሌላው፣ በቀን አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሳልመክርና ሳላርም እሱ የወደደውን ነገር አብሬው እንድሠራ ነበር። ቀላል ይመስላል፣ አፍን መያዝ ግን እንዴት እንደሚከብድ! ትእዛዝም አጭርና አንድ ብቻ ይሁን አለችኝ። «ሥርዓት ያዝ» ሳይሆን «ሦስት ሰዓት ላይ ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ»። የእኔም ስልክ አብሮ ይቀመጣል፣ እሱ ነው የጎዳኝ ሃሃ። ሲያስቀምጥም አይቶ እንዳላየ ማለፍ የለም፣ «ጎሽ» ይባላል። ልጁ መልአክ ሆነ አልልሽም። ጩኸቱ ግን ቀንሷል።

መምህር ነኝ

ስለ ቀበቶው ብቻ ላንሳ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው በ1987 ዓ.ም. ነው የተጻፈው። ቤት ውስጥስ ለምትሉ፣ ሕጉን ተዉትና ክፍሌን ልንገራችሁ። ቤት የሚደበደበውን ልጅ አውቀዋለሁ። ጠመኔ ላነሳ እጄን ዘርጋ ሳደርግ አንገቱን የሚሰብር እሱ ነው። ጎበዝም አልሆነ፣ ጨዋም አልሆነ፣ መዋሸት ግን ተክኖበታል። ወንድምሽን በፍቅር እንቢ በይው።

ነርስ፣ ማራኪ

ባለሙያ ስለ መምረጥ። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግር ነው የሚረዳው፣ ላንቺ ጉዳይ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ እሱ ይመስለኛል። ሳታፍሪ ጠይቂ፤ ምን ተማርሽ፣ የት ነው የምትሠሪው፣ የሥራ ፈቃድሽን ማየት እችላለሁ ወይ፣ ከልጆችና ከወላጆች ጋር ሠርተሽ ታውቂያለሽ፣ የምንነጋገረው ይቀዳል ወይ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ዋጋውንም ከመጀመርሽ በፊት እወቂ፣ በቴሌብር ትከፍያለሽ። «በሁለት ጥሪ ልጅሽን እቀይረዋለሁ» ካለሽ ግን ስልኩን ዝጊ። ሚስጥርሽ ይጠበቃል። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ባለሙያው ዝም ማለት አይችልም፣ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ቀን ሊነግርሽ ይገባል።

ኦንላይን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ልጁ ስለ መሞት ካወራ፣ ራሱን ከጎዳ፣ መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማ፣ ኔትወርክ አትጠብቂ። በቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። ያንቺም እንቅልፍ ማጣት ከቀጠለ ለራስሽ ብለሽ ታዪ፣ እናት ስትደክም ቤቱ ሁሉ ነው የሚደክመው። (ጎንደር ባለሙያ የለም የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ዩኒቨርሲቲው ሲጀመር እኮ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው! በአካል መታከም የምትችሉ እዚሁ ጠይቁ።)

ቀበሌ 18

የት ላውራ ላልሽው፦ አማትሽ ማኅበር የሚሄዱበት ቀን የለም? ያንን ቀን ያዢ። እኔ ልብስ ላሰጣ ብዬ ጓሮ እወጣለሁ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው የማወራው፣ ቢያንስ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ኔትወርክ ሲቆረጥ በመደበኛ ስልክ እንድትደውልልሽ ቀድመሽ ተስማሚ፣ አለበለዚያ ልክ ስታለቅሺ ይቋረጥብሻል፣ ደርሶብኛል።

አራዳ ሰፈር

እሺ፣ የአባትየው ስልክ ነገር እኔንም ነክቶኛል። እኔም ከቤት ርቄ ነው የምሠራው። ግን አማትየውን ሳይዙ ምንም አይሆንም፣ ይሄን ያዙልኝ።

የሦስት ልጆች እናት

እሱ ልክ ነህ። እኛ ቤት እናቴ ነበሩ፣ ባለሙያዋ አንድ ቀን እሳቸውንም አስገባቻቸው። ልጁ ፊት አንከራከርም፣ ያልተስማማንበትን ማታ ለብቻችን እናወራለን ተባባልን። አማትሽን «አጥፍተዋል» እያልሽ አትጀምሪ፣ «እርስዎ ያሳደጉት ባል ነው የሰጡኝ፣ ለዚህኛውም ምከሩኝ» በያቸው። እውነትም ብዙ ያውቃሉ።

እናት ከአዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የባለቤቴን ስልክ በተመለከተ ቁርጥ የእኛ ቤት ነው፣ ሳነበው ሳቄም እንባዬም መጣ። አማቴ በ21 የማርያም ማኅበር አለባቸው፣ የዚያን ቀን ልይዝ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ቪዲዮ ግድ ነው? ፊቴን ማሳየት አፍራለሁ።

ቀበሌ 18

ግድ አይደለም፣ በድምፅ ብቻ ይሆናል። ዳታም እንደ ቪዲዮ አይበላብሽም።