አስቸኳይ፦ የጄሶ ገደላችን ዋሻ ተደረመሰ፣ ነገ ጠዋት ይታያል!

መምህርት ከጅማ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የተማሪዎቼ ሞዴል የዋሻው ጣሪያ አሁን ወደቀ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን አለው። የባሕር ዳርቻ ገደል ነው፣ ሦስት ዋሻ አለው። አንዱ ውስጥ ባሕታዊ አለ። የተደረመሰው ትልቁ ነው። አዲስ ጄሶ ደረብንበት፣ እየተላቀቀ ወረደ። ልጆቹን እያለቀሱ ነው የሸኘኋቸው። ምን ላድርግ?

የሂርማታው
ጄሶውን የለጠፋችሁት በምን ላይ ነው? ካርቶን ነው ሽቦ? ውፍረቱስ? ይሄ ሳይታወቅ መመለስ ይከብዳል።

ግንበኛው
እህቴ፣ ደረቅ ጄሶ ላይ እርጥብ ጄሶ እንዲሁ ብትለጥፊ አይዝም። አሮጌው የአዲሱን ውኃ ይመጠዋል፣ አዲሱ ሳይጠነክር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ የተሰነጠቀውን በቢላ ሰፋ አድርጊው። አቧራውን በብሩሽ አውጪ። ከዚያ ውኃ አጠጪው፣ እስኪበቃው። አዲሱን ከዚያ በኋላ ለጥፊ። ስታቦኪ ደግሞ ጄሶውን ውኃ ላይ ነስንሺ እንጂ ውኃውን ጄሶ ላይ አታፍሺ፤ ይጓጉላል።

ከአጋሮ
የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ስለ አሠራሩ ልበል። የባሕር ዋሻ ዝም ብሎ አይፈጠርም። ማዕበሉ ገደሉ ላይ የላላ ስንጥቅ ይፈልጋል። ሲገባ አየሩን ስንጥቁ ውስጥ ይጨምቀዋል፣ ሲመለስ የታመቀው አየር በኃይል ይለቀቃል። ጠጠሩንም እያነሳ ድንጋዩን ይመታዋል። ስንጥቁ ዋሻ ይሆናል። ምድር ወደ ባሕር ገባ ባለበት ቦታ ዋሻው ወዲያ ማዶ ከዘለቀ ቅስት ይሆናል። የቅስቱ ጣሪያ ሲወድቅ ባሕር ውስጥ ብቻውን የቆመ ዓምድ ይቀራል። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ያለው «ኦልድ ማን ኦፍ ሆይ» እንዲህ ያለ ዓምድ ነው፤ 137 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ መምህርት፣ ጣሪያው መውደቁ በራሱ ትምህርት ነው። ፍርስራሹን እንዳለ ተዪውና «ጣሪያው የወደቀ ዋሻ» ብለሽ ጻፊበት።

የኮቺ ልጅ
እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ የጅማ ልጅ ለምን የባሕር ገደል ይሠራል? ባሌ ውስጥ ሶፍ ዑመር አለ። ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ ዋሻ፣ ወይብ ወንዝ በውስጡ የሚያልፍ። ባሕታዊ ከተፈለገም ሼህ ሶፍ ዑመር እዚያ ገብተው ይጸልዩ ነበር ይባላል። የራሳችንን ትተን!

መምህርት ከጅማ (ጠያቂ)
@የኮቺ ልጅ፣ ርዕሱ በዕጣ ነው የደረሰን። ሶፍ ዑመር ለሌላው ክፍል ደርሷል። ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲታዩ ነው የታሰበው። የእነሱ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ውኃ እያሟሟ የፈለፈለው፤ የእኛ ማዕበል የመታው።
@የሂርማታው፣ ከሥር ካርቶንና ጋዜጣ ነው። ሽቦ የለውም። ወርዱ የተማሪ ዴስክ ያህላል። ጣሪያው ወፍራም ነው፣ አራት ጣት።
@ከአጋሮ፣ ፍርስራሹን እንዳልተወው ባሕታዊው ከሥሩ ነው። ከሸክላ የሠራችው ልጅ እሱን ሳታይ አልሄድም ብላ ነበር።

የሂርማታው
በቃ ምክንያቱ ተገኘ። አራት ጣት ጄሶ በእርጥብ ካርቶን ላይ! ካርቶኑ ውኃ ጠጥቶ ላሽቋል፣ ክብደቱን አልቻለም።

ሰላም ነው
ውኃ አጠጡት ከዚያ ለጥፉ።

የኮቺ ልጅ
ዕጣ ከሆነ እሺ። ግን ሶፍ ዑመርን የሠሩት ልጆች እድለኞች ናቸው።

ጌታ ያውቃል
ከሰል አቀጣጥላችሁ አጠገቡ አድርጉለት። በዚህ ዝናብ በራሱ አይደርቅም።

ግንበኛው
ኧረ እንዳታደርጊው! ጄሶ ኃይለኛ እሳት ሲነካው በውስጡ ያለውን ውኃ ያጣል፣ ይፈረፈራል። ነፋስ ነው የሚያስፈልገው። ማራገቢያ ካለ ከራቅ ብሎ ይንፋ።

ነርሷ
መምህርት፣ ወፍራም ጄሶ አትጨምሪ። እግር ሲሰበር እንደምናስረው አድርጊው። ከፋርማሲ የጎዝ ፋሻ ግዢ፣ ቀጭን ጄሶ ውስጥ ነክረሽ እንደ ቅስት ሁለት ሦስት ድርብ አልብሺው። ክሩ ነው የሚይዘው። ከሥር እስኪጠነክር ድረስ በላስቲክ የተጠቀለለ ጆንያ ጨርቅ ጠቅጥቂበት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጠነክራል፣ ሙሉ በሙሉ መድረቁ ግን ይቆያል፤ ስለዚህ ዛሬ ቀለም አትቀቢ፣ ይላጣል። ባሕታዊውን መጀመሪያ አውጪው። ፋሻ ካጣሽ እኔ ፈረንጅ አራዳ ነኝ፣ ቤት ውስጥ የተረፈ አለኝ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ከአጋሮ
የነርሷ ይሻላል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ባሕታዊው ያለበት ዋሻ ከውኃው ከፍ ብሎ ነው? የባሕር ዋሻ የሚፈለፈለው በማዕበሉ ልክ ነው። ዳኞች ይጠይቋችኋል።

መምህርት ከጅማ (ጠያቂ)
አዎ ከፍ ብሏል። ልጆቹ የሠሩት በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ ዊትሆርን አጠገብ ያለውን የቅዱስ ኒኒያን ዋሻ አስበው ነው። ቅዱሱ ለጸሎት ብቻውን እዚያ ይገባ ነበር ይባላል። ግድግዳው ላይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። እኛም በመርፌ ቀርጸናል። እነሱ ተርፈዋል!

ከአጋሮ
እንግዲያው መልሱ ቀላል ነው። ስኮትላንድን ድሮ ከባድ በረዶ ተጭኗት ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ምድሪቱ ቀስ በቀስ ከፍ አለች፣ የጥንቱ ባሕር ዳርቻም አብሮ ወጣ። ዛሬ ማዕበል የማይደርስባቸው የባሕር ዋሻዎች ያሉት ለዚህ ነው። ልጆቹ ይህን ይበሉ። ስለ ቅዱሱ ሲናገሩ ደግሞ «ይባላል» ማለትን አይርሱ። ቤዳ የሚባለው መነኩሴ በ731 እ.ኤ.አ. በጻፈው ታሪክ ኒኒያንን ያነሳዋል፤ ስለ ዋሻው ግን እዚያ የለም። የዋሻው ነገር በሌላ መንገድ የመጣ ትውፊት ነው።

ሰላም ነው
ውኃው ለብ ቢል ቶሎ ይጠነክራል። ትንሽ ጨውም ያፈጥነዋል። ቆንጠር ብቻ።

የሂርማታው
መምህርት፣ ያዘ?

ነርሷ
ፋሻውን ልጅ ልካ ወስዳለች። አሁን እየሠሩ ይመስለኛል።

ግንበኛው
ጠዋት በባጃጅ ስትወስዱት ገደሉን ከጎን አትያዙት። ከሥሩ ጣውላ አድርጉና እሱን ያዙ። ዝናብ ካለ ላስቲክ አልብሱት፣ ግን ከጄሶው ጋር አይጣበቅ።