«የቤታችን ኮምፒውተር» ፕሮፖዛል፦ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ

ጸሐፊዋ፦
ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው የዘንድሮው የጋራ ፕሮፖዛላችን የቤት ኮምፒውተር ታሪክ ላይ ነው። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ «አሮጌ ኮምፒውተሮችን ቅዳሜና እሑድ በአዳራሻችን ለሕዝብ እናሳያለን፤ ታሪካቸውንም ጽፈን ከጎናቸው እንለጥፋለን።» የሚጨመር የሚቀነስ ካለ በግልጽ ተናገሩ።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ደርድሮ ማሳየት ብቻ ከሆነ ልጆቹ አምስት ደቂቃ አይቆዩም። ይነካ! ኮሞዶር 64 የሚባለው የቤት ኮምፒውተር እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ 595 ዶላር ነበር። በዓመቱ ወደ 200 ዶላር ገደማ ወርዶ የልጆች መጫወቻ መደብር ውስጥ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ብዙ ሰው ከሳሎን ቴሌቪዥኑ ጋር ነበር የሚሰካው። ልጁ ፕሮግራም ሲጽፍ አባት ዜና ማየት አይችልም ማለት ነው። ሲበራ ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ሬዲ» ይልና ትእዛዝ ይጠብቃል። የጻፋችሁትን ካሴት ወይም ዲስክ ላይ ካልቀዳችሁት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ቤዚክ በሚባለው የጀማሪዎች ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሁለት መስመር ቢጽፍበት ከአስር ፖስተር ይበልጣል።

ሒሳብ ሹም፦
እደግፋለሁ። ግን አሮጌ ዕቃ ከሰብሳቢዎች እንግዛ ከተባለ በጀታችን አይችለውም። ከአባላት ቤት በውሰት እናሰባስብ። ቤዝመንቱን ያልፈተሸ ይፈትሽ።

ነባር አባል፦
ልጆቼ፣ እኔ ኮሞዶር የምትሉትን አላውቅም። እኛ ቤት ኮምፒውተር የገባው በዘጠናዎቹ ነው። የእድሩን ስም ዝርዝር፣ የሠርግ ጥሪውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ማስታወቂያ በአማርኛ እየመታሁ ያተምኩት በእሱ ነው። ከዚያ በፊት እኮ በእጅ ጽፈን ፎቶ ኮፒ ነበር የምናደርገው። ዲስኮቹ አሁንም ካርቶን ውስጥ አሉ። ልጄ አንዱን ቢከፍትልኝ የወጣው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ተበላሽቶ ይሆን?

የቴክኒክ ኮሚቴ፦
እትዬ፣ አልተበላሸም። እንዲያውም የፕሮፖዛላችን እምብርት ይሄ መሆን አለበት ባይ ነኝ። የዚያን ጊዜ ፎንት፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል፣ ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ለፊደል የማይውሉ አሉ። የኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሉን ከአንድ በላይ ፎንት ላይ ከፋፈሉት። በላቲን ፊደላት ቦታ የኛን አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ ላቲን ነው ብሎ የያዘውን ስክሪኑ ሀ ሁ አድርጎ ያሳያል። ፎንቱ ሲጠፋ ዝብርቅርቁ ይወጣል። የየሶፍትዌሩ ድልድል ደግሞ ለየቅል ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ፊደላችን በየኮምፒውተሩ የማይለዋወጥ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ወጥ ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ በ3.0 እትሙ ሲያካትተው ነው። ዛሬ በስልክ የምንጻጻፈው በዚያ ነው። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ የተመታው ግን በየካርቶኑ ቀርቷል። ስደተኛው ኑሮውን እንዴት እንዳደራጀ የሚናገር ሰነድ ነው፤ ቢጠፋ ያሳዝነኛል።

መላ አለው። የትኛው ፎንት እንደነበር ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም እንጽፋለን። ፎንቱ ባይገኝም የታተመው ወረቀት ካለ ከፋይሉ ጋር ጎን ለጎን አስተያይቶ ድልድሉን ማውጣት ይቻላል። አደራ፣ የድሮ ጥሪ ወረቀት አትጣሉ! ዲስኩንም ዝም ብላችሁ አትክተቱ። 3.5 ኢንች ከሆነ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፋ አድርጉና ቀዳዳው ይከፈት። ያኔ ኮምፒውተሩ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ሻጋታ ካያችሁ ጭራሽ አትሞክሩት፤ ማንበቢያውንም ያበላሻል። ለ3.5 ኢንቹ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ በርካሽ ይገኛል፤ 5.25 ኢንቹ ግን ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። ኮሞዶር ያላችሁም የድሮውን የኃይል ማስተላለፊያ አትሰኩ፤ ሲበላሽ ቺፑን ያቃጥላል። አዲስ እንገዛለታለን።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ይሄማ ዋናው ነው! ልጆቹ ይቀይሩት፣ ወላጆች ያንብቡት። እኛ ለፕሮግራሙ አራት ልጆች እናመጣለን።

ሒሳብ ሹም፦
አንድ ነገር። ዲስኩ ላይ የግል ደብዳቤ ይኖራል። የእድር ዝርዝርም የሰው ስምና ስልክ ነው። ሁሉ ለሕዝብ አይወጣም።

ጸሐፊዋ፦
ልክ ነዎት ጋሼ። እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አሻሽየዋለሁ፦ «ማኅበሩ ከዩኒኮድ በፊት በየቤቱ በአማርኛ የተጻፉ ፋይሎችን ከአባላት ሰብስቦ ይቀይራል። የተቀየረው ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ማኅበሩ ዘንድ የሚቀመጠው ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደው ብቻ ነው። በዐውደ ርእዩ ሁለት ጠረጴዛ ይኖራል፤ አንዱ ቤዚክ የሚጻፍበት፣ ሁለተኛው ሰው ዲስኩን ይዞ መጥቶ የሚያስነብብበት።» በጀቱ የማንበቢያ፣ የኃይል ማስተላለፊያና የማከማቻ ዲስክ ብቻ ነው። ተቃውሞ ካለ እስከ ዓርብ።

ነባር አባል፦
ተቃውሞ የለኝም። ካርቶኑን ልጄ እሑድ ያመጣዋል። ከላይ ያለው ዲስክ የማኅበራችን የድሮ ቃለ ጉባኤ ነው፤ የታተመው ወረቀትም ቤት ውስጥ ስላለ ከእሱ ጀምሩ።